ስሙም ቀለም፣ ሥራውም ቀለም
የሚኻይል ጽቬት የሕይወት ታሪክ

ለዛሬው ጽሑፌ መነሻ የሆነኝ ጭቃ ነው። አዎ፣ ጭቃ! ለሳይንስ ዘገባ ኮርስ ከክፍላችን ወጥተን አንድ ቤተ ሙከራ ጎብኝተን እንድንጽፍ ታዘዝን። ለእኔ የደረሰኝ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ነበር። እውነቱን ለመናገር ኬሚስትሪን ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ የተለያየነው በሰላም አልነበረም። ቢሆንም ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ።

እዚያ ያገኘኋት የማስተርስ ተማሪ ከሐይቅ ወለል የወጣ ጥቁር ደለል በትንንሽ የመስታወት ጠርሙሶች አሽጋ ደርድራለች። አንዱን ጠርሙስ አንሥታ በደንብ ነቀነቀችው። ከዚያም መርፌውን በጎማው ክዳን አሳልፋ ከጭቃው በላይ ካለው ባዶ ቦታ ጥቂት አየር በሲሪንጅ ቀዳችና ጠረጴዛው ላይ ወደተቀመጠ ትልቅ ማሽን ወጋችው። ጠበቅን። ኮምፒውተሩ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሲሄድ፣ ሲሄድ ቆየና ድንገት እንደ ተራራ ሾጠጥ ብሎ ተነሣ፤ ወዲያው ተመልሶ ወረደ። ያ ተራራ ሚቴን የሚባለው ጋዝ መሆኑን፣ የተራራው ስፋትም መጠኑን እንደሚናገር አስረዳችኝ።

የማሽኑን ስም ስጠይቃት ጋዝ ክሮማቶግራፍ እንደሚባል ነገረችኝ። ስሙ ከሁለት የግሪክ ቃላት የመጣ ነው። የመጀመሪያው ቀለም ማለት ሲሆን ሁለተኛው መጻፍ ማለት ነው። ባንድ ላይ የቀለም ጽሕፈት እንደ ማለት ይሆናል። እኔ ግን አንድም ቀለም አላየሁም! ሚቴን አይታይም። ማሽኑ ውስጥ የሚነፍሰውም ጋዝ አይታይም። ታዲያ ቀለም የሌለውን ነገር የሚለካ መሣሪያ እንዴት የቀለም ጽሕፈት ተባለ? ልጅቷን ብጠይቃት ፈገግ አለችና ትከሻዋን ነቀነቀች። የዚህን ጥያቄ መልስ ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ነው እንግዲህ ከዛሬው ባለታሪካችን ጋር የተገናኘሁት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እገልጻለሁ። መልካም ንባብ!

በመንገድ ላይ የተወለደ ልጅ

ሚኻይል ጽቬት የተወለደው ግንቦት 14 ቀን 1872 በሰሜን ኢጣሊያ አስቲ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ሴምዮን ጽቬት ሩሲያዊ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። እናቱ ደግሞ ኢጣሊያዊት ነበረች። አስቲ የቤተሰቡ መኖሪያ አልነበረችም። ባልና ሚስቱ ለጉዞ ወጥተው ሳለ ነበር ሕፃኑ የተወለደው። እናቱ ልጇን ሳታሳድግ ከወሊድ በኋላ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። አባትየው ወደ ሥራው ወደ ሩሲያ መመለስ ስላለበት ሕፃኑን ስዊዘርላንድ ውስጥ በሎዛን ከተማ ለሞግዚት ሰጠው።

ስለዚህ ልጁ ያደገው ከአባቱ አገር ርቆ ነው። ሎዛንና ጄኔቫ ተማረ፤ አፉን የፈታውም በፈረንሳይኛ ነው። ሩሲያዊ ነው ቢባልም ሩሲያን አያውቃትም። የቤተሰቡ ስም ጽቬት በሩሲያኛ ቀለም ማለት መሆኑ ግን ዕድሜ ልኩን አብሮት ኖረ።

በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ተምሮ በ1896 በዕፅዋት ሴል ላይ ባደረገው ጥናት የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። ያኔ ዕድሜው 24 ነበር። ጎበዝ ነው፣ ወጣት ነው፣ ዶክተር ነው። ከዚህ በኋላ መንገዱ ሁሉ የሚቃና ይመስል ነበር።

ዶክተር ሆኖ እንደገና ተማሪ

በዚያው ዓመት ጽቬት ወደ አባቱ አገር ሄደ። ሩሲያ ስትደርስ ግን አንድ ነገር ጠበቀው። የስዊዘርላንድ ዲግሪው እዚያ አይቆጠርም! በሩሲያ ሕግ መሠረት በዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር መሆን የሚፈልግ ሰው ማስተርሱንም ዶክትሬቱንም በሩሲያ ዩኒቨርሲቲ መሥራት አለበት። ውጪ አገር ተምረው መጥተው የአቻ ግምት ወረቀት ይዘው ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተቱ ዘመዶች ያሏችሁ አንባብያን ነገሩ ይገባችኋል።

ጽቬት አልተመለሰም፤ ሀ ብሎ ጀመረ። ቅዱስ ጴጥሮስቡርግ ውስጥ በቤተ ሙከራዎች እየሠራ፣ ለሴት ተማሪዎች ዕፅዋት ሳይንስ እያስተማረ ቆየ። በ1901 ከካዛን ዩኒቨርሲቲ ማስተርሱን ያዘ። ከዚያም ዋርሶ ዩኒቨርሲቲ በረዳትነት ተቀጠረ። ዋርሶ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ሥር ስለነበረች ዩኒቨርሲቲውም የሩሲያ ነበር። የሩሲያውን ዶክትሬት ያገኘው በ1910 ነው። ቁጠሩት፤ ከመጀመሪያው ዶክትሬት እስከ ሁለተኛው 14 ዓመት! ይሁንና በዓለም የታወቀበትን ሥራ የሠራው ልክ በእነዚህ 14 ዓመታት ውስጥ ነው።

ቅጠልና ጠመኔ

ጽቬትን ያስጨነቀው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ቅጠል ለምን አረንጓዴ ነው? ክሎሮፊል ስላለው ነው እንላለን፤ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው የተማርነው። ግን ክሎሮፊል አንድ ነገር ነው ወይስ ብዙ? ከአረንጓዴው ሥር ተደብቀው ያሉት ቢጫ ቀለሞችስ ስንት ናቸው? በዚያ ዘመን የነበሩ ኬሚስቶች ይህን ለማወቅ ቅጠሉን በጠንካራ አሲድና በሌሎች ኬሚካሎች ያፈሉታል፣ ያጥቡታል፣ ያደርቁታል። ችግሩ ቀለሞቹ ስስ ናቸው። በዚህ ሁሉ ስቃይ መጨረሻ ላይ የሚገኘው ነገር ቅጠሉ ውስጥ የነበረው ይሁን ወይስ ኬሚስቱ ራሱ የፈጠረው፣ ማን ያውቃል?

ጽቬት የዕፅዋት ሰው እንጂ በሙያው ኬሚስት አልነበረም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ቅጠሉን ሳይጎዳ የሚለይበትን መንገድ የፈለገው። አንድ ነገር ልብ አለ። አንዳንድ ፈሳሾች የቅጠሉን ቀለም በቀላሉ ያወጡታል፤ አንዳንዶቹ ግን ቀለሙ በፈሳሹ ውስጥ የሚሟሟ ሆኖ ሳለ ከቅጠሉ ሊያላቅቁት አይችሉም። ለምን? ቀለሙ ከቅጠሉ ሕብረ ሕዋስ ጋር ስለሚጣበቅ ነው ብሎ አሰበ። እንደዚያ ከሆነ ይህንኑ መጣበቅ ራሱን መሣሪያ ማድረግ ይቻላል!

ሙከራውን እንዲህ አደረገው። ቀጭን የመስታወት ቱቦ አቆመና በደቃቅ ዱቄት ጠቅጥቆ ሞላው። ከመቶ በላይ የዱቄት ዓይነቶችን ሞክሯል። በጣም ከተስማሙት አንዱ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም የጠመኔ ዱቄት ነበር። ከቅጠል ያወጣውን አረንጓዴ ፈሳሽ ከላይ አፈሰሰ። ቀጥሎም ንጹሕ ፈሳሽ በላዩ ላይ ቀስ እያደረገ ጨመረ። አረንጓዴው ወደ ታች ሲወርድ ተለያየ። ከላይ ቢጫ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ሰማያዊ አረንጓዴ፣ ከዚያ በታችም ቢጫ ቀለበቶች ነጩ ዱቄት ላይ ተደርድረው ታዩ። ካሮቲን የሚባለው ቀለም ደግሞ ሁሉንም ቀድሞ ወረደ። አንድ የመሰለው አረንጓዴ ብዙ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩን በእኛ አገር ምሳሌ ላስረዳ። አሥር ጓደኛሞች መርካቶን በአንዱ ጫፍ ባንድ ጊዜ ገቡ እንበል። አንዱ የሚገዛው ነገር የለውምና ቀጥ ብሎ ይወጣል። አንዷ ጫማ ተራ ትቆማለች። ሌላው ደግሞ በየሱቁ እየገባ ዋጋ ይጠይቃል። አብረው የገቡት በሌላኛው ጫፍ የሚወጡት በየተራ ነው። የጽቬት ቱቦ መርካቶ ነው፤ ዱቄቱ ሱቆቹ፣ ቀለሞቹ ደግሞ ጓደኛሞቹ። ከዱቄቱ ጋር አጥብቆ የሚያዝ ይዘገያል፤ የማይያዝ ይቀድማል። በቃ፣ ክሮማቶግራፊ ማለት ይኸው ነው።

ይህን ሐሳብ መጋቢት 21 ቀን 1903 በዋርሶ የተፈጥሮ ሳይንስ ማኅበር ስብሰባ ላይ አቀረበ። ንግግሩ በሩሲያኛ ታትሞ ወጣ። በ1906 ደግሞ በጀርመን የዕፅዋት ሳይንስ ማኅበር መጽሔት ላይ ሁለት ጽሑፎች በጀርመንኛ አወጣና ለዘዴው ስም ሰጠው፤ ክሮማቶግራፊ። የራሱን ስም በግሪክኛ ተርጉሞ ሥራው ውስጥ ደበቀው እንዴ? ብዙዎች እንዲህ ይጠረጥራሉ። ቀለማት በቱቦ ላይ የሚጽፉት ነገር ስለሆነ ስሙ ለሥራውም ልክ ነው።

በ1907 በርሊን ሄዶ ቱቦዎቹን ለጀርመን ሳይንቲስቶች በዓይናቸው እንዲያዩ አሳያቸው። በዚያው ዓመት ሄሌና ትሩሲየቪች የምትባል ሴት አገባ። በ1910 ዘዴውን በስፋት የሚያስረዳ መጽሐፍ በሩሲያኛ አሳተመ። በ1911 የሩሲያ ሳይንስ አካዳሚ ለዚህ መጽሐፍ ሸለመው። ዛሬ በየምግብ ማሸጊያው ላይ የምናነበው ካሮቲኖይድ የሚለው የወል ስምም የወጣው ከጽቬት ነው።

ያልተዋጠላቸው ሰዎች

እዚህ ላይ በየቦታው የሚነገረው ታሪክ ቀላል ነው። ጽቬት በሩሲያኛ ስለጻፈ ማንም አላነበበውም፤ ስለዚህ ተረሳ ይባላል። እኔም መጀመሪያ ርእሴን በዚህ ዙሪያ ላደርገው ነበር። ለጋዜጠኛ ይመቻላ! አጭር ነው፤ አንጀት ይበላል፤ በቋንቋው የጻፈ ተበደለ ለማለትም ይረዳል። ቀኖቹን ሳያይ ግን ታሪኩ ተበላሸብኝ። የ1906ቱ ጽሑፎች የታተሙት በጀርመንኛ ነው። በርሊንም ሄዶ አሳይቷል። ስለዚህ ችግሩ አለመነበብ ብቻ አልነበረም። ያነበቡት ሰዎች አላመኑትም።

ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ክራካው ውስጥ ይሠራ የነበረው ፖላንዳዊው ኬሚስት ሌዎን ማርህሌቭስኪ ነው። በዕፅዋት ቀለም ጥናት ስመ ጥር ነበር። አንድ የዕፅዋት መምህር በዱቄት አጣርቶ ብቻ ይህን ሁሉ አወቅሁ ማለቱ አልተዋጠለትም። ሁለቱ በመጽሔት ላይ ሻካራ ቃላት ተወራወሩ። ጽቬትም ቢሆን ለስላሳ ሰው አልነበረም። የሌሎችን ስሕተት ሲያገኝ በግልጽ ይናገራል፤ ይህም ወዳጅ አላበዛለትም።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ሪቻርድ ዊልሽቴተር በጀርመን ከነበሩት ታላላቅ ኬሚስቶች አንዱ ሲሆን በ1915 በዕፅዋት ቀለሞች ጥናቱ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ዊልሽቴተርና ባልደረቦቹ የጽቬትን ዘዴ ሞክረውት ነበር። ቀለሞቹ ዱቄቱ ላይ ይበላሻሉ፣ ዘዴው ብዙ መጠን ላለው ሥራ አይሆንም የሚል አስተያየት ሰጡ። በኋላ ጉዳዩን የመረመሩ ሰዎች ጥፋቱን ያገኙት በዱቄቱ ምርጫ ላይ ነው። ለስስ ቀለም የማይሆን ዱቄት ከተጠቀምህ ቀለሙ ይበላሻል። የሚገርመው ግን አረንጓዴው ክሎሮፊል ሁለት ዓይነት ነው ያለው ጽቬት ትክክል መሆኑን በኋላ ዊልሽቴተር ራሱ በራሱ መንገድ ማረጋገጡ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን የኬሚስቶቹንም ጎን እንይ። በዚያ ዘመን አንድ ነገር አለ የሚባለው ተነጥሮ፣ ክሪስታል ሆኖ፣ በሚዛን ላይ ሲቀመጥ ነው። ጽቬት የሚያሳየው ግን ቱቦ ላይ ያለ ቀጭን ቀለበት ነው። ሊመዘን የማይችል ጥቂት ነገር! ለእነርሱ ይህ ሥዕል እንጂ ማስረጃ አልነበረም። ክፋት ብቻ ነው ብሎ መጻፍ ቀላል ነበር፤ እውነቱ ግን የማስረጃ ትርጉም ራሱ ገና ሊለወጥ መሆኑ ነው።

ሁሉም ዝም አላለውም። አሜሪካዊው ሌሮይ ፓልመር የላም ወተትና ቅቤን ቢጫ ቀለም ሲያጠና የጽቬትን ዘዴ ተጠቅሟል። ላሚቱ ለምለም ሣር ስትበላ ቅቤው ለምን ቢጫ እንደሚሆን እናቶቻችን ቢያውቁትም፣ ከሣሩ ወደ ወተቱ የሚያልፈው ካሮቲን መሆኑን እንዲህ ያለው ጥናት ነው ያሳየው።

ከከተማ ከተማ

የጽቬት የሥራ ዘመን ሰላም ያየበት ጊዜ ጥቂት ነው። በ1905 በሩሲያ ግዛት በተነሣው አብዮት ምክንያት ዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ትምህርት ለዓመታት ተቋረጠ። በ1908 ጽቬት ወደ ዋርሶ ፖሊቴክኒክ ተዛወረ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ በ1915 የጀርመን ጦር ዋርሶን ሲይዝ ፖሊቴክኒኩ ወደ ሞስኮ፣ ቀጥሎም ወደ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ ሸሸ። ቤተ ሙከራ ተሸክሞ አይኬድም። ጽቬት ጊዜው የሚያልፈው ለተማሪዎቹ ክፍልና መሣሪያ ሲፈልግ ሆነ።

በመጨረሻ በ1917 የሚመኘው ደረሰለት። ዛሬ ኢስቶኒያ ውስጥ ባለችው በታርቱ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ ፕሮፌሰርና የዕፅዋት አፀዱ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ዕድሜው 45። ሙሉ ፕሮፌሰርነት፣ የራሱ አፀድ፣ የራሱ ቤተ ሙከራ! ግን ምን ያደርጋል፤ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው በየካቲት 1918 የጀርመን ጦር ታርቱንም ያዘ። ዩኒቨርሲቲው ከነመምህራኑ ወደ ደቡብ ሩሲያ ወደ ቮሮኔዥ ተሰደደ። ጽቬትም ተከተለ።

በዚያው በ1918 አንድ የሆላንድ ፕሮፌሰር ለኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ጠቁሞት ነበር። የዚያ ዓመት ሽልማት የተሰጠው ለፍሪትዝ ሃበር ነው። ጽቬት ያኔ ለዓመታት በበሽታ የተዳከመ ሰው ነበር። ሩሲያም የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበረች። ሰኔ 26 ቀን 1919 ቮሮኔዥ ውስጥ በ47 ዓመቱ አረፈ። የመቃብሩ ትክክለኛ ቦታ እንኳ ጠፍቷል። ከብዙ ዓመታት በኋላ በከተማው ባለ አንድ ገዳም ግቢ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሞለታል።

ከመሳቢያ የወጣ መጽሐፍ

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ እኔም ይህን አልጽፍም ነበር። ከሞተ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1931፣ በጀርመን ሃይድልበርግ ከተማ ሪቻርድ ኩን በሚመራው ቤተ ሙከራ ኤድጋር ሌደረር የሚባል ወጣት ተመራማሪ የካሮትንና የእንቁላል አስኳልን ቢጫ ቀለም ለመለየት ይታገላል። ዘዴ ሲያፈላልግ የፓልመርን መጽሐፍ አገኘና ስለ ጽቬት ቱቦ አነበበ። የጽቬትን የሩሲያኛ መጽሐፍ ደግሞ ወደ ጀርመንኛ ተተርጉሞ አገኘው። የትርጉሙ ቅጂ ከማን ተገኘ መሰላችሁ? ከዊልሽቴተር! የኩን መምህር የነበረው ያው ዊልሽቴተር ያላመነበትን መጽሐፍ አስተርጉሞ አስቀምጦት ኖሯል። ለተማሪው ለኩን ሰጠው፤ ኩን ለሌደረር ሰጠው።

ሌደረር፣ ኩንና ባልደረባቸው ዊንተርሽታይን መጽሐፉ እንዳለው ቱቦ ሞልተው አፈሰሱ። አንድ ነው ሲባል የኖረው የካሮት ካሮቲን ሁለት ሆኖ ወረደ። ከዚያ ቀን ወዲያ የሚያቆመው አልተገኘም። ኩን በዚህ መስክ ባደረገው ጥናት የ1938 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚ ሆነ፤ የናዚ መንግሥት ግን እንዳይቀበል ከለከለው።

በ1941 እንግሊዛውያኑ አርቸር ማርቲንና ሪቻርድ ሲንጅ ዘዴውን አሻሽለው ሌላ ዓይነት ክሮማቶግራፊ አወጡ፤ ለዚህም በ1952 ኖቤል ተሸለሙ። በዚያው በ1941ዱ ጽሑፋቸው ላይ ከፈሳሽ ይልቅ ጋዝ በቱቦው ቢነፍስም ዘዴው እንደሚሠራ ጽፈው ነበር። ይህችን ሐሳብ ደግሞ አሥር ዓመት ያህል ማንም አልነካትም! በ1952 ማርቲን ራሱ ከቶኒ ጄምስ ጋር ሆኖ ሠራው። ጋዝ ክሮማቶግራፊ ተወለደ። የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎቻቸው የለዩት ነገር ቅጠል አልነበረም፤ በቀላሉ የሚተኑ ኦርጋኒክ አሲዶችን ነው። እነዚህ ቀለም የላቸውም። በቱቦው መውጫ አሲዱ ሲደርስ የሚያውቅ መሣሪያ ገጠሙለት። ቀለሙ ከክሮማቶግራፊ የወጣው፣ ስሙ ግን የቀረው በዚህ መንገድ ነው። ጥያቄዬም ተመለሰልኝ።

ወደ ጭቃው እንመለስ

ይህን ሁሉ አንብቤ ወደዚያች የማስተርስ ተማሪ ተመለስኩ። በዚህኛው ጊዜ የምታየውን ነገር ማየት ቻልኩ።

የሐይቅ ወለል ላይ ቅጠል፣ የሞተ ዓሣ፣ አልጌ ይጠራቀማል። ከላይኛው ስስ ንጣፍ ዝቅ ሲባል ኦክስጅን ያልቃል። እዚያ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ናቸው፤ ሥራቸውም በሰንሰለት ነው። አንዱ ትልቁን ይሰባብራል። ሌላው የተሰባበረውን አብላልቶ አሲድ ያደርገዋል፤ ኮምጣጤ ውስጥ ያለውን አሴቲክ አሲድ፣ ፕሮፒዮኒክ አሲድ፣ ቡቲሪክ አሲድ። የቆየ ቅቤ ሲበላሽ የሚሸተን ይህ የመጨረሻው ነው። ከእነርሱ ጋር ሃይድሮጅን ይወጣል። ሌሎች ተሕዋስያን ደግሞ እነዚህን ተቀብለው ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደርጓቸዋል። ጠላ ወይም ጠጅ ሲጠነሰስ ያየ ሰው የመብላላትን ነገር አይስተውም።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አሲዱ ገና ሳይጠራቀም ተበልቶ ስለሚያልቅ ብዙ ጊዜ ጭቃው ውስጥ የሚገኘው መጠን እጅግ ጥቂት ነው። አሲዱ ተጠራቅሞ ከተገኘ አንዱ የሰንሰለቱ ቀለበት ሥራ አቁሟል ማለት ሊሆን ይችላል። ሐኪም የደም ምርመራ አይቶ የትኛው አካል እንደታመመ እንደሚያውቀው፣ ተመራማሪውም የአሲዱንና የጋዙን መጠን አይቶ ጭቃው ውስጥ ማን እየሠራ፣ ማን እንደተኛ ይገምታል።

አሠራሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደለሉ በቧንቧ ተቆርጦ ከውኃ ሲወጣ በላዩ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ የሟሟው ጋዝ ለስላሳ መጠጥ ሲከፈት እንደሚሆነው ለማምለጥ ይጣደፋል። ስለዚህ ናሙናው ቶሎ ወደ ጠርሙስ ይገባል። ተሕዋስያኑ ጠርሙሱ ውስጥም ሥራቸውን እንዳይቀጥሉ የሚገድል ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ከዚያ ይታሸጋል። ሲነቀነቅ የሟሟው ጋዝ ወደ ባዶው ቦታ ይወጣል። ከዚያ የተቀዳው ወደ ማሽኑ ሲገባ እንደ ሂሊየም ያለ ጋዝ እየገፋ በረጅም ቀጭን ቱቦ ያሳልፈዋል። እያንዳንዱ ጋዝ በየተራው ይወጣል። የወጣበት ደቂቃ ማን እንደሆነ ይናገራል፤ የተራራው ስፋት ደግሞ መጠኑ ከታወቀ ጋዝ ጋር ተወዳድሮ ስንት እንደሆነ ይናገራል። ለአሲዶቹ ደግሞ በደለሉ መሐል ያለው ውኃ በሴንትሪፊዩጅ ተሽከርክሮ ይወጣና ተጣርቶ ወደ ፈሳሽ ክሮማቶግራፍ ይገባል።

ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል ለምትሉ፣ ሚቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ ምድርን የማሞቅ አቅሙ ከተመሳሳይ ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሃያ አምስት እጥፍ በላይ ነው። ከሐይቅና ከረግረግ ሥር ምን ያህል እንደሚወጣ ሳይለኩ ስለ አየር ንብረት ማውራት ግምት ብቻ ይሆናል። በውኃ ውስጥ የሟሟ ጋዝ የሞት ጉዳይ የሆነበትም ጊዜ አለ። በነሐሴ 1986 ካሜሩን ውስጥ ከኒዮስ ሐይቅ ጥልቅ ውኃ ድንገት የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአንድ ሌሊት 1,700 ያህል ሰው ገድሏል። ያ ጋዝ ከእሳተ ገሞራ የመጣ እንጂ ከጭቃ ተሕዋስያን አልነበረም። ቢሆንም ውኃ ውስጥ የሟሟውን የማይታይ ነገር አለመለካት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያሳያል። በሩዋንዳና በኮንጎ ድንበር ያለው ኪቩ ሐይቅም በጥልቁ ብዙ ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስላለው ተመራማሪዎች በዓይነ ቁራኛ ይከታተሉታል። ከሐይቁ ሚቴን እየወጣም ኤሌክትሪክ ይመነጫል።

ለማጠቃለል

የጽቬትን ታሪክ ስጀምር የተበደለ ሰው ታሪክ ልጽፍ ነበር። ተበድሏልም። በሁለት አገር ዶክተር ሆኖ ሙሉ ፕሮፌሰርነትን ለአንድ ዓመት እንኳ በሰላም አልኖረበትም። ግን ከበደሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ዘዴውን ሞክሮ ያልተቀበለው ሰው መጽሐፉን አልጣለውም። አስተርጉሞ አስቀመጠው። ያ ቅጂ ባይኖር ሌደረር ከፓልመር ያገኘውን ፍንጭ ይዞ የት እንደሚደርስ አናውቅም።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች የጻፍነው ዛሬውኑ ካልተነበበ የሞተ ይመስለናል። የዚህን ቡለቲን የድሮ እትሞች ከመደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰው ሳያቸው እኔም እንደዚያ ይሰማኝ ነበር። አሁን ግን ቀኑን፣ መጠኑን፣ አሠራሩን በትክክል የጻፈ ሰው አንባቢው ዘግይቶ ሊመጣ እንደሚችል ገብቶኛል። ጽቬት የትኛውን ዱቄት፣ በየትኛው ፈሳሽ፣ እንዴት እንደሞላው አንድም ሳያስቀር ስለጻፈ ነው ከ20 ዓመት በኋላ የማያውቀው ሰው ቱቦውን ሞልቶ ያው ቀለበት የታየው።

በመጨረሻ ከቤተ ሙከራው ስወጣ ልጅቷ የእኔን ጥያቄ መልስ ነገርኳት። የሚኻይል ጽቬትን ስም በእርሳስ ማሽኑ ጎን ባለው የሥራ መዝገብ ጠርዝ ላይ ጻፈችው። ከዚያም የሚቀጥለውን ጠርሙስ አንሥታ መነቅነቅ ጀመረች።